የቲሸርቱ አጀንዳ

ፍሬሽ ሆኖ ግቢ የገባ ሰሞን ክበብ የማይመዘገብ የለም፤ ሥነ ጽሑፍ፣ ቀይ መስቀል፣ ሚኒ ሚዲያ፣ ሥርዓተ ፆታ፣ ያገኘው ላይ ስሙን ያሰፍራል። እኔ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ የበጎ አድራጎት ክበብ ጸሐፊ ስለተደረግሁ፣ የተማሪን ስብሰባ በቃለ ጉባኤ መዝገብ በኩል ነው የማውቀው።

የስብሰባ ቀን መቁረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ካፌ ሥጋ የሚያወጣበት ቀን አይሆንም። ማንቼና አርሴናል የሚገናኙበት ማታ ጭራሽ አይታሰብም። በፈተና ሰሞን ሰው ላይብረሪ ነው፤ ፈተና ሲያልቅ ደግሞ አገሩ ገብቷል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ቀን ተፈልጎ “11 ሰዓት፣ በሰዓቱ ይገኙ” ተብሎ ይለጠፋል። በሰዓቱ የምንገኘው ሰብሳቢው፣ እኔና አዳራሹ መያዙን ሳያውቅ ሊያነብ የገባ አንድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነን። ከዚያ ምልዓተ ጉባኤ እስኪሞላ ይጠበቃል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. “መሬት ላራሹ” ብለው ሰልፍ የወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደ እኛ ምልዓተ ጉባኤ ቢጠብቁ ኖሮ መሬቱ እስከ ዛሬ በባላባቱ እጅ ነበር። (አሁን በማን እጅ እንዳለ ለሌላ ወግ ይቆየን።)

አንድ ዕለት ስንሰበሰብ የያዝነው አጀንዳ ሦስት ነበር፦ የደም ልገሳ ቀን፣ ቲሸርት፣ ልዩ ልዩ። የመጀመሪያው ወዲያው አለቀ፤ ደም መስጠት ጥሩ ነው በሚለው ሁላችንም ተስማማን። ቲሸርቱ ላይ ግን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

“ነጭ ይሁን፣ ንጽሕናን ያሳያል።”

“ነጭ ቆሻሻ አይችልም፤ ግቢያችን ውኃ ስንት ቀን እንደሚጠፋ ይታወቃል።”

“ቀይ ከሆነ ደም ይመስላል፣ ሰው ይደነግጣል።”

“እኔ ሐሳቤ ተነስቷል…” ብሎ የሚጀምረው ሁሉ የተነሳውን ሐሳብ መልሶ ያስተኛውና እንደ ገና ቀስቅሶት ይቀመጣል። “ባጭሩ” ያለ እንደሆነማ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ጣቶቼን አፍታታለሁ። አንዱ የሥራ አስፈጻሚዎቹ ኮሌታ ያለው ይሁን አለ፤ እሱ ራሱ ሥራ አስፈጻሚ ነው። በመጨረሻ ድምፅ ተሰጠና ድምፀ ተአቅቦ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ሰብሳቢው በሥልጣኑ ቀይ አለ። ልዩ ልዩ የሚለው ላይ ስንደርስ ካፌ ሊዘጋ ስለ ነበር አዳራሹ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ።

የልገሳው ዕለት ቀዩ ቲሸርት ገና በጠዋቱ በሽሚያ አለቀ። ለባሹ ግን አልጋው አጠገብ ብዙ አይታይም፤ ለስላሳና ብስኩት የሚታደልበት ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር። ለጋሽ መሆን የሚችለው ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱም ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው ነው። ይህንን በማስታወቂያ ያስነገረው ሰብሳቢያችን ኮሌታውን አስተካክሎ ከሁሉ ቀድሞ ሚዛኑ ላይ ወጣ። 43። ጫማውን መልሶ አድርጎ ወጣ። አሁንም አልሞላም። ቦርሳዬን ልያዝ ሲል ነርሷ በእናት ዓይን አየችውና፣ “የኔ ወንድም፣ አንተ መጀመሪያ ብላ” አለችው። ብስኩት ጨመረችለት።

ማታ ሪፖርቱን ስንጽፍ አጠገቤ ቆሞ፣ “ሰብሳቢው ግንባር ቀደም ሆኖ ተሰልፏል ብለህ ጻፍ” አለኝ።

ጻፍኩ። ምን ሐሰት አለው? ከእሱ የቀደመ አልነበረም።