አይዞዎት ጋሼ

መሸነፌ አይደለም የቆጨኝ። ሰሞኑን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ወሬውን የምጀምረው በዚህ ነው፤ የሰማኝም ሁሉ «ሰውዬው መሸነፉ ቆጭቶታል» እያለ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓርብ ዓርብ ሪያድ ውስጥ፣ መንፉሃ ሰፈር፣ አንድ ወዳጄ ቤት እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል፣ የአገር ቤት ወሬ ይነሳል፣ ከበጥሃ ገበያ በርካሽ የተገዛች የቼዝ ሰሌዳም ከሶፋው ሥር ትወጣለች። አንደኛው ፈረስ ጆሮው ተሰብሯል። በጠፋው ጥቁር ወታደር ፈንታ የሻምፖ ክዳን ቆሟል። በዚህች ሰሌዳ ላይ እኔ ሻምፒዮን ነኝ። ነበርኩ ልበል እንጂ። ዋንጫ የለውም፤ አቦሉ ሲቀዳ የመጀመሪያው ስኒ ወደ እኔ ይመጣል፣ በቃ።

አንድ ዓርብ የወዳጄ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከስልኩ ቀና ብሎ «አንዴ ልጫወት?» አለ። ሶፋው ላይ ሲቀመጥ እግሩ ወለሉን አይነካም። ግራ እጁ ቆሎ ጨብጧል፤ አንድ ፍሬ ወደ አፉ፣ አንድ ወታደር ወደ ፊት። እኔ ሳስብ አገጬን እይዛለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ ጣሪያ አያለሁ። እሱ ይቆረጥማል። መሐል ላይ ያ ጆሮ የሌለው ፈረስ ዘለለና ንጉሤንና ንግሥቴን በአንድ ጊዜ ያዘብኝ። ንጉሡ ሸሸ፣ ንግሥቲቱ ሄደች፣ የቀረው ቀብር ማስፈጸም ነበር።

ልጁ መዳፉን በሱሪው ጠረግ ጠረግ አደረገና ዘረጋልኝ። «አይዞዎት ጋሼ» አለኝ።

«አይዞህ» ቢለኝኮ እቆጣው ነበር። አባቱም ይገሥጸው ነበር፣ ነገሩም «ስድ ልጅ!» ተብሎ እዚያው ይዘጋ ነበር። እሱ ግን በአንቱታ ነው የቀበረኝ። «አይዞዎት» የሚባለው ለማን ነው? ለታመመ አዛውንትና ለሐዘንተኛ። እኔ የትኛው ነኝ?

ቤቴ ገብቼ፣ እንደ ማንኛውም የተሸነፈ ሰው፣ ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ሕንዳዊው የዓለም ሻምፒዮን ቪስዋናታን አናንድ፣ ባደገባት በቼናይ ከተማ፣ በ43 ዓመቱ ማግኑስ ካርልሰን ለሚባል የ22 ዓመት ኖርዌያዊ ዘውዱን አስረከበ። አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያሸንፍ! ልጅየው «አይዞዎት» ብሎት ይሆን?

ግን ስሙኝ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2017፣ የዓለም የፈጣን ቼዝ ሻምፒዮና የተካሄደው የት ነው? እዚሁ ሪያድ፣ አፍንጫችን ሥር። አናንድ 48 ዓመት ሞልቶታል፤ ሰዉም ጡረታውን እየጠበቀ ነው። ካርልሰንን በዘጠነኛው ዙር ጣለው። ከዚያም እኩል ነጥብ ይዞ ከነበረው ከቭላድሚር ፌዶሴየቭ ጋር የመለያ ጨዋታ ገጥሞ ሁለት ለዜሮ አሸነፈና ሻምፒዮን ሆነ። የፌዶሴየቭ ዕድሜ ስንት ነበር? 22! ይህን ሳነብ ከአልጋዬ ተነስቼ ቆምኩ። ሪያድ የሽማግሌዎች ከተማ ናት ማለት ነው።

ያውም በዚያው ከተማ፣ ውድድሩ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ በጥር 2016፣ የአገሪቱ ዋና ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ አብዱልአዚዝ አል ሼኽ ቼዝ ጊዜና ገንዘብ ያባክናል፣ በሰዎች መካከልም ጠላትነት ያመጣል ብለው ነበር። ያን ጊዜ ስቄ ነበር። አሁን ስለ ጊዜውና ስለ ገንዘቡ አላውቅም፤ ሦስተኛውን ነጥብ ግን እያሰብኩበት ነው።

እኔን የጎዳኝ ይህ የፈረንጅ ቼዝ ነው። የእኛ ሰንጠረዥ ቢሆን ኖሮ ወግ ነበረው። መጀመሪያ ወረራ አለ፤ ተራ መጠበቅ ብሎ ነገር የለም፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። በአንድ እጁ ቆሎ የያዘ ልጅ እዚያ ምን ሊሠራ ነው? ደግሞ ንጉሥ መግደል ብቻውን አያስከብርም፤ በምን ገደልከው ይባላል። በትንንሾቹ መግደል ያስመሰግናል፣ በፈረስና በግንቡ መግደል ግን እዚህ ግባ አይባልም። ልጁ ደግሞ የጨረሰኝ በምንድን ነው? በፈረስና በግንብ። ስለዚህ በአያቶቻችን ሕግ ድሉ ድል አይደለም። ይህን ለአባቱ ስልክ ደውዬ ነግሬዋለሁ። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነበር።

ከሁሉ የተመቸኝ ግን ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ያየው ነው። በ1805 ትግራይ ሄዶ ሕንጣሎ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመለከተ። ጨዋታው ጫጫታ ነው፤ የከበበው ሰው ሁሉ፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ አስተያየት ይሰጣል፣ እጁንም ሰዶ «እንዲህ ቢሆንስ» እያለ ያንቀሳቅሳል። በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል፣ ይላል ሶልት፣ በታላቅ ብልሃት ራስ ወልደ ሥላሴ ሁልጊዜ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር። ይህ ነው እንግዲህ ሥልጣኔ! ታላቅን ማሸነፍ ማንን ያቅተዋል? ጥበቡ መሸነፉ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ለአንድ ጨዋታ? ትላላችሁ። ጨዋታውን ተዉት። ሹፌር ነኝ። በሳምንት ስድስት ቀን ከኋላዬ ወንበር የሚቀመጠው ጎረምሳ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ስሜ አስፈልጎት አያውቅም፤ «ያ ሰዲቅ!» ይለኛል። ሰዲቅ ማለት ወዳጅ ማለት ነው። በዚህ ከተማ ግን ወዳጅ ያልሆነ ሰው መጥሪያ ሆኗል። «ያ ሰዲቅ፣ ያላ!» ሲለኝ እነዳለሁ፤ «ያ ሰዲቅ፣ ቁም!» ሲለኝ እቆማለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የልጆች አባት ነኝ፣ አገሬ ስገባ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይልልኛል። በዚያ በኅዳር 2013፣ ዓለም የካርልሰንንና የአናንድን ግጥሚያ ሲያይ፣ እኛ መንፉሃ የስደተኛ አፈሳ ፈርተን በራችንን ዘግተን የደረጃ ኮቴ እናዳምጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ከመቶ ሺህ በላይ የአገሬ ሰው ተመለሰ፤ ሽማግሌው ማን፣ ወጣቱ ማን ብሎ የለየ አልነበረም። ጋሼ የምባለው በሳምንት አንድ ቀን፣ በዚያች ክፍል፣ በዚያች ሰሌዳ ዙሪያ ብቻ ነው። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የማልጠየቅበት ማዕረግ ይኸው ነው። እሱንም አንድ ቆሎ ቆርጣሚ ይውሰደው?

ይቅርታ። ቡናው ሳይበርድ ልመለስ።

በሚቀጥለው ዓርብ አናንድን እስከ አፍንጫዬ ታጥቄ ሄድኩ። ከሙሉ ምክር ጋር ተረኩለት። ልጁ ሰማኝና «አዎ፣ ግን እዚሁ ሪያድ በዚያው ሳምንት ከዚያም የሚፈጥነውን ብሊትዙን ያሸነፈው ካርልሰን ነው። አናንድ ሦስተኛ ነበር» አለኝ። እውነት ነው። ይህችን ዘልያት ነበር።

«ካርልሰንም ቢሆን ዕድሜ ይጥለዋል» አልኩ። «በሰኔ 2025 ኖርዌይ ላይ የ19 ዓመቱ ጉኬሽ ሲያሸንፈው ጠረጴዛ በቡጢ መታ። እኔ ጠረጴዛ መታሁ?»

«አልመቱም። ግን ከዚያ በኋላ ነሐሴ ላይ መጥቶ እዚህ ሪያድ የኢስፖርትስን የዓለም ዋንጫ ወሰደ። ፍጻሜው ላይ ፊሩዣን አሸነፈ።»

«ይኸውልህ! ፊሩዣ 22፣ ካርልሰን 34! ሽማግሌው አሸነፈ ማለት አይደል?»

ልጁ አሰበ። «34?» አለ። «አዎ፣ እውነትም በጣም ሽማግሌ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቡና የምታፈላው ሳትቀር ረከቦቱን ይዛ ሳቀች። ሰሌዳዋ ተዘረጋች።

አሸነፍኩ። እውነቴን ነው። ንግሥቱን ከሻምፖ ክዳኗ ፊት በሰያፍ አምጥቶ አቆመልኝ፣ በላሁለት፣ ብዙም አልቆየ። አቦሉ ቀድሞ መጣልኝ። ገና አንድ ጊዜ ፉት እንዳልኩ ግን አንድ ነገር አነቀኝ፤ ንግሥቱን እዚያ ከማቆሙ በፊት ልጁ ወደ አባቱ ዞር ብሎ ነበር ወይስ ወደ ቆሎው? ቆሎው የተቀመጠው አባቱ አጠገብ ነው። ጎንበስ ብዬ ዓይኑን ላየው ሞከርኩ። እየቆረጠመ ስልኩን ያያል።

አባቱን ልጠይቀው አፌን ስከፍት አንዱ ሪያድ ውስጥ የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ አነሳ። ወሬው ወደዚያ ሄደ። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ምክንያቱም ስለ ጤፍ የምናገረው ብዙ ነው።