ሐሜት በዙም

ሐሜት ሁለት ሰው ይበቃታል። ሦስተኛው ሲጨመር ወሬ ትሆናለች፤ አሥራ ሁለት ሰው ስክሪን ላይ ሲደረደርባት ደግሞ ስብሰባ። አለቃችን ይህን የሚያውቁ አልመሰለኝም። ከየቤታችን መሥራት ከጀመርን ወዲህ «እንዳትራራቁ» ብለው ዓርብ ዓርብ የዙም ቡና ደነገጉልን። ስለ ሥራ ማንሳት ክልክል ነው።

ክልክል ሲሆን ሁሉም ዝም። ዝምታው ሲበዛ ሁለት ሰው እኩል ይጀምራል፤ «ቀጥል»፣ «ኧረ አንቺ ቀጥይ» ይባባሉና ሁለቱም ይተዉታል። ጋሼ (የሒሳብ ሹማችን ናቸው) ማይካቸው እንደተዘጋ በእጃቸው ጭምር እያስረዱ ያወራሉ። «ጋሼ፣ አይሰማም!» ስንላቸው ይከፍቱና «ምንም አይደል፣ ሰላምታ ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የአሥራ አንድ ሰው ቤተሰብ ጤና ጠይቆ ለመጨረስ ጊዜ ያስፈልጋል። አንዷ ረከቦቷን ካሜራው ፊት ታቀርባለች፤ እኛም ሽታው ሳይደርሰን «ዕጣኑ ደስ ሲል!» እንላለን።

የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤልኮር የተባለው የኒው ጀርሲ የስልክ ምርምር ተቋም፣ በሁለት ፎቆች ላይ ያሉ የሠራተኛ ማረፊያዎችን በግዙፍ ስክሪን አገናኝቶ ሞክሮት ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ቡና ሊቀዳ የመጣ ሠራተኛ የማዶውን ባልደረባ በቁመቱ ልክ ያየዋል። ታዲያ ከማዶው ይልቅ አጠገቡ ካለው ጋር ማውራት ይቀለው ነበር። ለብቻ ሹክ ሊል ወደ ስክሪኑ ጠጋ ያለ ደግሞ ከካሜራው ዕይታ ውጭ ይሆናል፤ ድምፁ ግን ለሁሉም ይሰማል። ያለ ጭንቅላት ማማት!

ቢሮ እያለን ጠጋ ማለት ነበር፣ ዐይን መጥቀስ ነበር። ዙም ላይ ብትጠቅስ አሥራ አንዱም «ለእኔ ነው» ይላሉ፣ አለቃም ጭምር።

መላ አላጣንም። ቡናው ሲጀመር ሦስታችን ቴሌግራም ላይ እንከትማለን፤ ፊታችን ለአለቃ፣ ጣታችን ለሐሜት። ሳቃችን ሲያመልጠን አለቃችን ጨዋታቸው የሠመረ መስሏቸው ሌላ ይጨምራሉ። ደግነቱ ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይዘጋል፤ አቦሉ አልቆ ቶናው ሳይደርስ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ግማሽ ሰዓት መሰነባበት የለ።

ባለፈው ዓርብ ግን የፈራሁት ደረሰ። አለቃችን ሳቃችንን አይተው የሚከፈልበትን ሊገዙልን ነው።