ላፕቶፕ በወንፊት ላይ

ጥፋቱ የትከሻዬ ነው። አሮጌው ላፕቶፔ ከነቻርጀሩ 4 ኪሎ ይጠጋል፤ በታክሲ ሰልፍ ላይ ግራ ጎኔን ቀስ በቀስ እያዘመመው፣ ጓደኞቼ ከሩቅ በአቋቋሜ ይለዩኝ ጀመር። ቀን ቀን ፕሮፖዛልና በጀት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የዘመድ አዝማድ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ አቀናብራለሁ። (ሁለተኛው ሥራ ገንዘብ የለውም፤ ምርቃቱ ግን ሞልቶ የተረፈ ነው።) ለሁለቱም የሚሆን ቀጭን ነገር ፍለጋ ወደ መገናኛ ወረድኩ።

ቀጭን ላፕቶፕ ያማረኝ እንኳ ከዚያ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ስቲቭ ጆብስ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ማክቡክ ኤርን ከወረቀት ፖስታ ውስጥ መዞ ሲያወጣ የሚያሳየውን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። 1.36 ኪሎ ብቻ! ያ ዕቃ አንድ የዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ እንዳለው፣ ሲዲ እንደማይጎርስ፣ ራሙም ቦርዱ ላይ ተበይዶ እንደማይጨመርለት በዚያ ጭብጨባ መሀል ማን ልብ ይላል? እኔም አላልኩም።

ሻጩ ልጅ ነገር ያውቃል። "ጋሼ፣ እስቲ በሁለት ጣት ያንሱት" አለኝ። አነሳሁት፤ ተነሳ። "ፕሮሰሰሩም አይ ሰቨን ነው" ሲል ጨመረበት። አለቀ። አባቴ በሬ ሲገዙ አፉን ከፍተው ጥርሱን ሳያዩ ብር አይቆጥሩም ነበር፤ እኔ ልጃቸው ክዳኑን ከፍቼ ዘጋሁና ከፈልኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጫጉላ ነበር። ጽሑፉ፣ ኢሜሉ፣ የበጀት ሠንጠረዡ እልም ነው፤ ፋኑ መኖሩም አይሰማ። ጉዱ የጀመረው አንድ መሥሪያ ቤት ሥራዬን ላቀርብ ስሄድ ነው። ፕሮጀክተራቸው የድሮ ቪጂኤ ገመድ ዘረጋልኝ፤ የእኔው ላፕቶፕ ያለው ዩኤስቢ ብቻ። ሮጬ ወርጄ ለዩኤስቢ-ሲው አዳፕተር ገዝቼ መጣሁ፤ ግድግዳው ግን ጭጭ። ለካ ዩኤስቢ-ሲ መልኩ አንድ ይሁን እንጂ ጠባዩ ይለያያል፤ የኔው ፋይልና ቻርጅ እንጂ ምስል አያሳልፍም። ሰባት ሰዎች በ13 ኢንች ስክሪን ዙሪያ አንገታቸውን አስግገው የበጀት ዝርዝር ሲያነቡ አንዱ መነጽሩን ረስቶ መምጣቱን ነገረኝ።

ይህን ዋጥ አድርጌ ሳልጨርስ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ደረሰ። አፌ አያርፍም፤ "ለመልሱ ማታ የሚታይ አጠር ያለች ነገር አደርሳለሁ" ብዬ ቃል ገባሁ። የካሜራው ሰው በ4ኬ ነው የቀረጸው፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ማለት በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው። ባለ 256 ጊጋ ዲስኬ ሦስት ሰዓት ሠርግ ውጦ ተነፋ። ሬንደሩን አስጀምሬ ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት። ጥቂት ደቂቃ ሸመጠጠ፤ ከዚያ ፋኑ መጮህ፣ ሥራው መንቀርፈፍ ጀመረ። የሶፋው ልብስ ከሥር ያለውን መተንፈሻ ደፍኖታል።

"ወፍጮ ቤት ከፈትክብኝ እንዴ?" አለች እናቴ ከጓዳ። መጥታ በእጇ ዳሰሰችውና ተመልሳ ወንፊት ይዛ መጣች። "በዚህ ላይ አድርገው፣ ከሥሩ ነፋስ ያግኝ።" ፋኑ በእርግጥ ትንሽ ረገብ አለ። ፍጥነቱ ግን አልተመለሰም።

ጥገና የሚሠራ ወዳጄ ጋ ደወልኩ። "ከፕሮሰሰሩ ቁጥር ቀጥሎ ያለችውን ፊደል አንብብልኝ" አለ። አይ ሰቨን፣ 8550፣ ዩ። "ዩ? በል ተኛ" ብሎ ሳቀ። ዩ የምትባለዋ ፊደል 15 ዋት ላይ እንዲሠራ የተበጀ ማለት ናት፤ በዚያው ዘመን ኤች የተጻፈበት አይ ሰቨን 45 ዋት ነው። ስሙ አንድ፣ ጉልበቱ ሌላ። ደግሞ ቀጭን ገላ ሙቀቱን ቶሎ ማስወጣት አይችልም፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ለአፍታ ይሮጥና እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ለኢሜል ያቺ አፍታ ትበቃለች። ለሠርግ ግን አትበቃም፤ የእኛ ሠርግ ደግሞ መቼ ያልቃል?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው የቻለውን ያህል ታግሎ እሱም ተከተለ።

በመልሱ ማታ ያሳየሁት ሙሽሮቹ ከመኪና እስኪወርዱ ያለውን ነው። አክስቴ "ቀሪውስ?" አለችኝ፤ "ክፍል ሁለት ነው" አልኳት።

አሁን ቪዲዮ የማቀናብረው ከጠረጴዛ በማይነሳው አሮጌው ላይ ነው። ቀጭኑ ለጽሑፍና ፊልም ለማየት እስካሁን ወደር የለውም፤ ትከሻዬም ቀና ብሏል። ወንፊቱን ልመልስላት ስል እናቴ አልተቀበለችኝም። ሌላ ገዝታለች።