ባለ ሦስት መኝታ ፍላሽ

ባለፈው ቅዳሜ ፍላሽ ልገዛ ወጣሁ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ ኪስ ውስጥ ከሳንቲም ጋር ተቀላቅላ የምትጠፋ ነገር ናት። ልጁ ከመስታወቱ ጀርባ አውጥቶ ያቀበለኝ ግን ደብተር የሚያህል ወፍራም ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ድርቅ ያለ ላስቲክ ተጣብቋል፤ ከላስቲኩ መሀል፣ እንደ ለቅሶ ቤት ወጥ ሥጋ፣ አንዲት ጥቁር ነገር ብቅ ብላለች።

«የታለች?» አልኩት።

«ያቻትና ጋሼ!»

«ስማ፣ እኔ የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነኝ። ሃያ ዓመት ጠብቄ ስቱዲዮ ሳይደርሰኝ፣ ይቺ ሳትመዘገብ ባለ ሦስት መኝታ ደረሳት?»

«እርስዎም 64 ጊጋ ቢይዙ ኖሮ ይደርስዎት ነበር።»

ተረብ ላይ የተሸነፈ ሂሳብ ይከፍላል። ከፈልኩ። ግን ነገሩ ከነከነኝና ከመውጣቴ በፊት «ለምንድን ነው እንዲህ የሚያሰፉት?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሌባ እንዳይሰርቀው ነው፤ ትንሽ ከሆነ እጅጌ ውስጥ ይገባል» አለኝ። እውነቱን ነው። ፈረንጅ አገር ሱቁ ሰፊ ነው፣ ደንበኛው ራሱ ከመደርደሪያ ያነሳል፤ ስለዚህ ዕቃውን ኪስ የማይገባ አድርገው ያሰፉታል። እዚህ ግን ዕቃው ከመስታወት ኋላ ነው፣ ከመስታወቱ ኋላ ደግሞ ይሄ ምላሰኛ ልጅ አለ፤ ሳልከፍል የነካሁት ነገር የለም። የሰው አገር ሌባ በሠራው እኔ ተቀጣሁ ማለት ነው።

ቅጣቱም ቤት ስገባ ጀመረ። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ እምቢ። በጥርሴ ሞከርኩ። ከዚያ ትዝ ሲለኝ ፍላሿ የአምስት ዓመት ዋስትና አላት፣ ጥርሴ የለውም፤ ተውኩት። በሽንኩርት ቢላ ስሞክር ላስቲኩ ተከፈለ፤ የተከፈለው ጠርዝ ደግሞ ከቢላው ይብስ ኖሮ ጣቴን ከፈለው። ባለቤቴ ጣቴን እያሰረች «ፍላሽ ነው የገዛኸው ወይስ በግ ልታርድ ነው?» አለች።

ለነገሩ ብቻዬን አይደለሁም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ለዚህ ብግነት «የማሸጊያ ንዴት» የሚል ስም አውጥተውለታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ አማዞን በ19 ዕቃዎች ጀምሮ «ከብስጭት ነፃ ማሸጊያ» የሚል አሠራር አመጣ። እኔ የምለው፣ ነጋዴ ሆኖ በገዛ አንደበቱ «ይሄኛው ብስጭት የለውም» ካለ፣ ሌላውን ሁሉ ከነብስጭቱ ሲሸጥልን እንደኖረ አመነ አይደል?

እሁድ ጠዋት ጎረቤቴ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ይዞ መጣ። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ የመጣውን ረጅም ካርቶን አራት ሰው ተሸክሞ ሲያወርደው፣ አከራያችን እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡና «ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«ቴሌቪዥን ነው እማማ።»

«ታዲያ ምነው ሳጥኑ እንዲህ ሰፋ?»

በእኛ ግቢ ዕቃ ሲከፈት እንደ ልደት ነው፤ ቡና ይፈላል፣ ሕፃናት ይሰለፋሉ። ካርቶኑ ተከፈተ። ከካርቶኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑን ከላይና ከታች የነከሱ ነጫጭ ፎሞች ወጡ። ከፎሙ ውስጥ ስስ ነጭ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ ዙሪያውን የተለጠፈ ላስቲክ። ሪሞቱ ለብቻው በላስቲክ። ሁለቱ ባትሪዎች በላስቲክ፣ ከዚያ እንደገና በሌላ ላስቲክ። አራት ብሎን በላስቲክ። ገመዱ በሽቦ ታስሮ፣ ከነሽቦው በላስቲክ። «ሙሽራ እንኳ የምትገልጠው አንድ ቬሎ ነው፤ እነዚህን ባትሪዎች ሽማግሌ ልከህ ነው የምታወጣቸው?» አልኩት። ጎረቤቴም አላስተረፈኝም፤ «አንተ የትናንቷን ፍላሽ በደም አይደል ያወጣሃት?» አለ። ባለቤቴ ለግቢው ሁሉ ተናግራ ኖሯል።

እማማ ከፎሙ ሥር የወደቀች ትንሽ ከረጢት አነሱ። ውስጧ እንደ ስኳር የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ።

«ምን ይላል?»

«አትብሉ ነው የሚለው እማማ፤ እርጥበት መምጠጫ ነው።»

«ማን ሊበላው ኖሯል?»

«ኑሮአችንን ሰምተው ይሆናላ።»

መመሪያው ተገለጠ። ቋንቋው ብዙ ነው፤ አማርኛ ግን የለበትም። ደግነቱ ሥዕል አለው። መጨረሻው ገጽ ላይ ጎማ ያለው የቆሻሻ በርሜል ተስሎ፣ በላዩ ላይ ኤክስ ተደርጎበታል። አውሮፓውያን ያመጡት ምልክት ነው፤ ዕቃው ሲያረጅ ከተራ ቆሻሻ ጋር አትጣሉት ማለት ነው። እኛ ግቢ በርሜሉም የለም። «የት እንደማልጥለው ነገሩኝ፤ የት እንደምጥለው ግን ሳይስሉ ቀለም አለቀባቸው?» አለ ጎረቤቴ። ይቺን ተረብ ለእሱ ሰጠሁት። ደግሞም ቀልድ ብቻ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም ከጣለው 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ውስጥ በሥርዓት ተሰብስቦ ለዳግም አገልግሎት መሄዱ የተመዘገበው ሩቡን እንኳ አልሞላም። ይሄ እንግዲህ የዕቃው ነው፤ የልብሱ፣ ማለትም የማሸጊያው፣ ገና አልተነሳም።

የልብሱን ካነሳን ነጩ ፎም ጋ እንምጣ። ይሄ ፎም 98 በመቶው አየር ነው። አየር! ዶላር እንደ ልብ የማይገኝበት አገር ላይ፣ ወደ 900 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የጅቡቲ መንገድ፣ በከባድ መኪና አየር ተጭኖ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ አየር ያጠረን መስሏቸው ከሆነ መልካም።

ጎረቤቴ ግን እንዲህ ሲል አፌን አስያዘኝ፦ «ያንን መንገድ አንተ በአውቶቡስ ሂደህበታል። ወገብህ እንዴት ነበር?»

«ተንቀጥቅጦ ነበር።»

«ላንተም ፎም ቢያደርጉልህ ጥሩ ነበር። ያለ ፎም ቢመጣ፣ ሞጆ ሳይደርስ ስክሪኑ የሸረሪት ድር ሆኖ እኔ የማየው ስንጥቅ ነበር።»

ዙሩ የእሱ ነው። ስክሪን ተሰብሮ ቢመጣ ከፎሙ የበለጠ ብክነት ነው፤ ይሄን የሚክድ ተራቢ ሳይሆን ውሸታም ነው። ግን ለስክሪኑ ያልኩትን ለባትሪዎቹ ድርብርብ ላስቲክ አልልም።

ይሄን ስንባባል ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ። ተጠራ፤ ገባ። የቆራሌው ዓይን ከጉምሩክ ዓይን ይበልጣል። ግቢ ውስጥ የተከመረውን አንዴ አየና ዋጋ ያለውንና የሌለውን በሆዱ ለየ። ቀጥታ ወደ ካርቶኑ ሄደ። ጎረቤቴ ግን ካርቶኑ ላይ ተቀመጠበት።

«ይሄ አይሸጥም! ዋስትና አለው። ደግሞ ነገ ስሸጠው ከነካርቶኑ ነው።»

ቆራሌው ወደ በረንዳው ዞረና የአምናውን የማቀዝቀዣ ካርቶን አገኘ። አጠፈው፣ በጉልበቱ ተጭኖ አደቀቀው፣ በሲባጎ አሰረው፣ መዘነው፣ ከፈለ። ይሄኛው ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ ከዚያም ወረቀት ፋብሪካ ይደርስና ነገ ሌላ ዕቃ ታቅፎ ይመለሳል። እኔም ፎሙን እያሳየሁት «ይሄንንስ?» አልኩት። ሳቀ።

«ይሄማ ሚዛን አያየውም ወንድሜ።»

ስንት ስብሰባ ያልደረሰበትን በአራት ቃል ጨረሰው። ፎሙ ሲመጣ ኮንቴይነር ውስጥ በያዘው ቦታ ነው የተከፈለበት፤ ሲሄድ ግን የሚመዘነው በኪሎ ነው። ሲመጣ የግቢውን ግማሽ ያህላል፣ ሲሄድ ምንም አይደለም። ምንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ማንም አይሸከመውም። ስለዚህ እዚያው ቀረ። ማታ ሕፃናቱ ሰባበሩት፣ ንፋሱ ፍርፋሪውን እንደ በረዶ በግቢው በተነው፤ ክረምት ሲመጣ ቦይ ውስጥ እናገኘዋለን።

አሁን ደግሞ ራሳችንን እንተርብ። ጎረቤቴን ብቻ አምቼ ብተወው ቁም ሳጥኔ ይታዘበኛል። እሱ ላይ ያልተደረደረ ካርቶን የለም። ጁስ መፍጫው ከተቃጠለ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ካርቶኑ ግን ጤነኛ ነው። ሪሞታችን ከላስቲኩ ሳይወጣ ጡረታ የሚወጣ ነው፤ ቁጥሮቹ እስኪጠፉ በላስቲኩ ላይ እንጫናለን እንጂ አንገልጠውም። የማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት የተገዛበትን ዓመት እየመሰከረ አለ። ለእንግዳ «አዲስ ነው» የምንለው በምን ሆነና!

ስልክ ላይማ ብሷል። እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ስልክ እንድታመጣልኝ ጠየቅኋት።

«ካርቶኑን ጥለሽ አምጪው፤ ቦሌ ላይ ለንግድ ያመጣሽው እንዳይመስል።»

ጥላ አመጣችው። ከስድስት ወር በኋላ ልሸጠው ስወጣ ገዢው የመጀመሪያ ጥያቄው «ካርቶኑስ?» ሆነ። የለም ስለው ዋጋውን ዘጭ አደረገው። ካርቶን ዱባይ ላይ ቆሻሻ፣ ቦሌ ላይ ማስረጃ፣ ሜክሲኮ ስልክ መሸጫው ላይ ደግሞ ገንዘብ ነው። የሦስት አገር ዜግነት ያለው ሰው እንኳ እንዲህ አይቀያየርም።

ከተረብ ሁሉ ያሳቀኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 አፕል አይፎን 12ን ያለ ቻርጀር ሸጠ። ምክንያቱ አካባቢ ጥበቃ ነው፤ ካርቶኑ ስላነሰ በአንድ ፓሌት ላይ 70 በመቶ ተጨማሪ ስልክ ይጫናል አለ። ሳምሰንግ ወዲያው የቻርጀር ፎቶ ለጥፎ፣ የእኛ ስልክ ይሄን ያካትታል ብሎ ተረበ። ሰው ሳቀ። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ጥር 2021 ላይ፣ ራሱ ሳምሰንግ ኤስ 21ን ያለ ቻርጀር አወጣ፤ ተረቡንም ከገጹ አጥፍቶት ተገኘ። በእኛ ሰፈር ተርቦ የዋጠ ሰው ለአንድ ሳምንት ቡና ጋባዥ ነው።

የአፕል ምክንያት ግማሹ እውነት ነው፤ የካርቶኑ ማነስ ጥሩ ነው። ዋጋው ግን ከካርቶኑ ጋር አብሮ አልቀነሰም። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት መጋቢት 2021 ላይ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀጣው። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ሳይቀጣ ሄዶ ቻርጀር ለብቻው ገዛ። ቻርጀሩም በራሱ ካርቶን፣ በራሱ ላስቲክ።

ሕግ ካነሳን አይቀር፣ እኛም በ2017 ዓ.ም ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቀናል። ደግ ተደረገ። ጉሊት የምትቸረችር እናት ቲማቲሙን በምን እንደምታስይዝ ትጨነቃለች። ድንኳን የሚወጣው ላስቲክ ለብሶ የመጣው ማቀዝቀዣ ግን በፊቷ ሲያልፍ የሚያስቆመው የለም። እሱ ፌስታል አይባልማ፤ ስሙ ማሸጊያ ነው።

ይሄ ሁሉ መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ነው፤ ቆሼ ላይ ግን ተረብ የለኝም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል። የምንጥለው ሁሉ የሆነ ሰው ደጃፍ ላይ ይከመራል።

አውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 ባጸናው ደንብ፣ ከ2030 ጀምሮ በመስመር ላይ ሽያጭ የሚላክ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ባዶ ቦታው ከ50 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ግማሹ አየር ቢሆን ይፈቀዳል ማለት ነው፤ እስከዛሬ ምን ያህል ነበር እንዳልል ፈራሁ። ለእኔ የሚጥመኝ የጀርመኑ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ደንብ፣ ከ1992 ሚያዝያ ጀምሮ ገዢ የዕቃውን የውጭ ማሸጊያ እዚያው ሱቁ ላይ ትቶ መሄድ ይችል ነበር፣ ባለሱቁም የመቀበል ግዴታ ነበረበት። የሚከመረው ደጁ ላይ ሲሆን ባለሱቁም አምራቹን ይነዘንዛል።

ሰኞ ጀርመን መሆን አማረኝ። የፍላሿን ወረቀትና ላስቲክ ይዤ ወደ ልጁ ሄድኩ።

«ልመልስልህ ነው የመጣሁት።»

«ዕቃ አንመልስም ጋሼ።»

«ዕቃዋንማ ወድጃታለሁ። ይሄን ነው።»

«ይሄማ ቆሻሻ ነው!»

«ታዲያ ቅዳሜ ለምን ሸጥክልኝ?»

ዝም አለ። ሁለተኛው ዙር የእኔ ሆነ። ሳቀና በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ደስ እያለኝ አስፋልቱን ተሻግሬ ዞር ስል፣ ከሱቁ ፊት ያለው ቦይ ውስጥ ሲወረውረው አየሁት።