ውዳሴ በነፃ

በአሜሪካ ምክር ቤቶች ሕግ ማጽደቅ የመከራ ሥራ ነው የሚል ሰው የክብር ውሳኔ ሲጸድቅ አላየም። ለአንዲት የበጀት መስመር ወራት ሲነታረኩ የከረሙት ሁለቱ ፓርቲዎች፣ «ለሕፃናት አስተማሪዎቻችን ክብር ይግባቸው» የሚል ወረቀት ሲነበብላቸው በደቂቃ ውስጥ አንድ ልብ አንድ ቃል ይሆናሉ። ተከራካሪ የለም፤ ማሻሻያ የሚያቀርብም የለም። «ወጪው ስንት ነው?» ማለት የሚወደው አባል እንኳ ዝም ይላል፤ ምን ብሎ ይጠይቅ? በዚህ ፍጥነት የሚያልፍ ሌላ ነገር ቢኖር የራሳቸው የዕረፍት ጊዜ ብቻ ነው።

የወረቀቱ አሠራር ጥበብ አለበት። የሕፃን አእምሮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፍጥነት የሚያድግ በመሆኑ፣ አስተማሪዋ የነገውን ትውልድ ዛሬ የምትቀርጽ በመሆኑ፣ ትዕግሥቷ ወሰን የሌለው በመሆኑ፣ ያለ እርሷ ወላጅ ሥራ መግባት የማይችል በመሆኑ… እየተባለ ይወጣል፣ ይወጣል። አንባቢው «እንግዲህ ደመወዟ እጥፍ ሊሆን ነው» ብሎ ልቡ ሲንጠለጠል «ተወስኗል» የሚለው ቃል ይመጣል። ምን ተወሰነ? የዚህ ውሳኔ ቅጂ በወፍራም ወረቀት ታትሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ለተመስጋኟ እንዲሰጣት። ከዚያ ፎቶ። አስተማሪዋ መሃል ትቆማለች፣ ተወካዩ ወረቀቱን በአንድ ጫፍ ይዞ ወደ ካሜራው ፈገግ ይላል። ምርጫ የቀረበ እንደሆነ ፈገግታው ሰፋ ይላል።

ይህ ነገር ሳይነበብ ነው የሚጸድቀው የሚሉ ምቀኞች አሉ። አሉባልታ እንዳይመስላችሁ፣ ማስረጃ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኤፕሪል ፉል ሰሞን ቶም ሙር የተባሉ የቴክሳስ ተወካይ አልበርት ዴሳልቮ የሚባል ሰው እንዲመሰገን የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። ሰውየው የሕዝብ ብዛትን በመቆጣጠር ረገድ ላበረከተው የተለየ አስተዋጽኦ ይመስገን ይላል ወረቀቱ። ምክር ቤቱም በሙሉ ድምፅ አመሰገነው። ዴሳልቮ ማን ነው? ቦስተን ውስጥ ሴቶችን እያነቅሁ የገደልኩ እኔ ነኝ ብሎ የተናዘዘው ሰው! ሙር ወዲያው ሐሳባቸውን ሳቡ፤ ባልደረቦቼ የሚያጸድቁትን እንደማያነቡ ላሳይ ብዬ ነው አሉ። እኔ ግን በምክር ቤቱ አልፈርድም። ሰው ለማመስገን የሰውየውን ማንነት ማጣራት ከጀመርን ስንቱ ሊቀርብን ነው!

ያው 1971 በሌላም ነገር የተባረከ ዓመት ነው። ኮንግረሱ በመላ አገሪቱ የሕፃናት መዋያ የሚዘረጋ ሕግ አጽድቆ ላከ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዲሴምበር 9 ቀን ውድቅ አደረጉት፤ ከቤተሰብ ይልቅ ወደ ማኅበር አስተዳደግ የሚያዘነብል ነው በሚል። በዚያው ዓመት ደግሞ የአስተማሪዎቹ የሙያ ማኅበር የሕፃናትን ሳምንት መሠረተ። ሕጉ ሞተ፤ ሳምንቱ ግን ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ በየጸደዩ ይከበራል። ማኅበሩ ሳምንቱን የጀመረው ትኩረት ለመሳብ ነበር፤ ምክር ቤቶቹ ግን ከአጀንዳው ሁሉ የማታስከፍለዋን ክፍል መርጠው ወሰዱ። በ2023 የአንድ የሕፃናት ተንከባካቢ የመካከለኛ ክፍያ በሰዓት 14 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 30 በኮቪድ ዘመን ለመዋያዎች ተመድቦ የነበረው የ24 ቢሊዮን ዶላር ድጎማ አበቃ። ምስጋናው ግን አላበቃም። ምስጋና በጀት ዓመት የለውም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ቤታቸውን ዴይኬር ያደረጉ፣ ወይም በሰው ዴይኬር ተቀጥረው ጎህ ሳይቀድ በር የሚከፍቱ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ብዙ ናቸው። የምሳውን ቅጽ ይሞላሉ፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ መሰኪያው ተሸፍኗል ወይ፣ መድኃኒቱ ተቆልፎበታል ወይ እያለ ጓዳቸውን ሲፈትሽ ይቆማሉ፣ ማታ ደግሞ ለፈቃዱ የሚያስፈልገውን ሥልጠና ይቀመጣሉ። ዲሲ በ2022 አንድ ደግ ነገር አደረገች፤ ከባለጸጎች ግብር ላይ ወስዳ ለእነዚህ ሠራተኞች እንደየደረጃቸው 10 ሺህና 14 ሺህ ዶላር ሰጠች። ወረቀት አይደለም፣ ዶላር። እንዲህ ያለ ነገር ግን ሲበዛ ያስደነግጣል። ኤፕሪል 3 ቀን 2024 ከንቲባዋ ያቀረቡት በጀት ይህን ገንዘብ የሚከፍለውን ፈንድ ከነስሙ ሰረዘው። የሕፃናት ሳምንት የገባው ኤፕሪል 6 ነው። ሦስት ቀን! ከዚህ የተሻለ የበዓል ዋዜማ ማን ያዘጋጃል? ወላጆችና አስተማሪዎች ጮኸው፣ የከተማው ምክር ቤት 70 ሚሊዮን ዶላር ያህል መለሰላቸው። የመለሰው ግን ያ ጩኸት ነው፤ በ«በመሆኑ» የተመለሰ ሳንቲም መኖሩን አልሰማሁም።

የመንግሥት ሠራተኛውም ዕጣ ከዚህ አይለይም። ከ1985 ጀምሮ በየሜይ መጀመሪያ የሕዝብ አገልጋዮች ሳምንት ይከበርለታል። በ2025 ሜይ አከበረ፤ በዚያው ዓመት ከኦክቶበር 1 ጀምሮ መንግሥት ለ43 ቀን ሲዘጋ የአውሮፕላን ተቆጣጣሪዎችና የኤርፖርት ፈታሾች ያለ ደመወዝ ሥራ ገቡ። አከራዩ «ኪራዩስ?» ቢላቸው፣ የሜይውን ምስጋና አውጥተው ሊያሳዩት ይችላሉ። አከራዩ ከሁለቱም ፓርቲ የተደገፈ ወረቀት አልቀበልም ካለ፣ አገር ወዳድነቱ ያጠራጥራል።

ከኮንግረሱ አንዱ ምክር ቤት በ1995 እንዲህ ዓይነት የመታሰቢያ ቀኖችን መሰየም በደንቡ ከልክሏል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሚወጡት ሕጎች ከሲሶ የሚበልጡት የመታሰቢያ ነበሩና ነው፤ ማርች 6 ቀን 1984 የቀዘቀዘ ምግብ ቀን ተብሎ በሕግ ተሰይሟል፣ ፕሬዚዳንት ሬገንም ፈርመዋል። ክልከላው ጭካኔ ነበር። ሴኔቱና የየግዛቱ ምክር ቤቶች ግን እግዜር ይስጣቸው፣ ሥርዓቱ እንዳይጠፋ ጠብቀዋል።

እኔ ይከልከል አልልም። አንዲት ትንሽ ማሻሻያ ብቻ አለችኝ፦ እያንዳንዱ «በመሆኑ» በተመስጋኟ የሰዓት ክፍያ ላይ አንድ ዶላር ይጨምር፤ ድምፁም በስም እየተጠራ ይሰጥ። ያን ዕለት ከአሥሩ «በመሆኑ» ስንቱ እንደሚተርፍ ለማየት የእንግዶች ሰገነት ላይ ቀድሜ ቦታ እይዛለሁ።