ባለዕዳዬ ሻዎሊን

የሻዎሊን ገዳም በር ላይ ትኬት ግዛ ሲሉኝ ከፋኝ። እኔ እኮ ለዚህ ገዳም መክፈል የጀመርኩት ገና በልጅነቴ ነው፤ ሰፈራችን በነበረው ቪዲዮ ቤት፣ ለዳቦ የተሰጠኝን ሳንቲም ገብሬ። ጨለማ ክፍል፣ የሚወዛወዝ አግዳሚ፣ ከፊቴ ሁልጊዜ የማይቀር አንድ ረጅም ልጅ፣ ከልጁ ጭንቅላት ባሻገር ጄት ሊ። ፊልሙ ሲያልቅ ሰፈሩ በሙሉ የካልቾ መለማመጃ ይሆናል። ክርክር ከተነሳም የማይሻር ሕግ ነበረን፦ አክተር አይሞትም።

ስለዚህ ሄናን ግዛት፣ ዴንግፌንግ ከተማ አጠገብ፣ ሶንግ ተራራ ሥር ድረስ የሄድኩት ለጉብኝት ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ለመተሳሰብም ነው። ገዳሙ እ.ኤ.አ. በ495 ከህንድ ለመጣ መነኩሴ የተሠራ ነው። በ1928 ሺ ዮውሳን የሚባል የጦር አበጋዝ እሳት ለቀቀበትና አብዛኞቹ አዳራሾች ከነመጻሕፍታቸው ነደዱ። የባህል አብዮቱም የቀረውን አልማረም። በ1982 ያው ጄት ሊ የተወነበት «የሻዎሊን ገዳም» የተባለው ፊልም ወጣ፤ ስንቱ የቻይና ጎረምሳ መነኩሴ ካልሆንኩ እያለ ወደዚህ ነጎደ። ጎብኚ ጎረፈ፣ የፈረሰው ተጠገነ፣ የኩንግ ፉ ትምህርት ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ። ገዳሙን ያነሳው ፊልሙ ከሆነ፣ ፊልሙን ያነሳነው ደግሞ እኛ አግዳሚ ላይ የተኮለኮልነው አይደለንም? ይህን ሁሉ ለትኬት ሻጯ ለማስረዳት ግን ቻይንኛ ያስፈልጋል። ከፈልኩ።

በስተኋላ ካለው የፒሉ አዳራሽ ደጃፍ ላይ አንገቴን አስግጌ ብዙ ቆየሁ። የጡቡ ወለል በረድፍ ጎድጉዷል፤ 48 ቦታ። መነኮሳቱ ለልምምድ እግራቸውን ሲያሳርፉበት ኖረው ነው የሰመጠው ይላሉ። ፊልሙ ላይ ይህ ሁሉ መከራ በሙዚቃ ታጅቦ በጥቂት ደቂቃ ያልቅና ልጁ የአባቱን ደም ሊመልስ ይሄዳል። እዚህ ግን ሙዚቃ የለም፤ የሰመጠ ጡብ ብቻ ነው ያለው። ያኔ ይህን ብንሰማ ኖሮ ግማሾቻችን ወደ ኳስ እንዞር ነበር።

አስጎብኚያችን፣ ቦዲዳርማ የተባለው መነኩሴ ተራራው ላይ ካለ ዋሻ ገብቶ ግድግዳ እያየ 9 ዓመት ተቀመጠ ስትለን ፈረንጆቹ ጉድ አሉ። እኔ ዝም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው ተቆርጦ እስኪወድቅ በጸሎት ከቆሙበት አገር ለመጣ ሰው፣ መቀመጥ መቼ ገድል ሆኖ! ሁይኬ የተባለው ደቀ መዝሙር ግን «ተቀበለኝ» ለማለት በረዶ ላይ ቆሞ የግራ ክንዱን ቆረጠ ስትል እኔም ከፈረንጆቹ ጋር ተባበርኩ። መነኮሳቱ ዛሬም በአንድ እጅ ሰላምታ የሚሰጡት ለእሱ መታሰቢያ ነው አለች።

የመነኮሳቱ መቃብር «የፓጎዳ ደን» ይባላል። ከ200 በላይ የጡብና የድንጋይ ግንቦች ቆመውበታል፤ ጥንታዊው የ791 ነው። ጥንታዊውን አይቼ አለፍኩ፤ ያስቆመኝ አዲሱ ነው። ድንጋዩ ላይ መኪና፣ አውሮፕላንና ላፕቶፕ ተቀርጾበታል። ዓለምን ንቆ የመነነ ሰው መቃብር ላይ ላፕቶፕ! ዞሬ ዞሬ ቻርጀሩን ብፈልግ አጣሁት።

በትርኢት አዳራሹ ውስጥ አንድ ወጣት መርፌ ወርውሮ፣ መስታወት በስቶ፣ ከጀርባው ያለውን ፊኛ አፈነዳ። ቀጥሎ ከተመልካች መሀል ፈቃደኛ ተጠራ። እኔ እጄን አላወጣሁም፤ ያወጣው ያ ከረጅሙ ልጅ ጀርባ ይቀመጥ የነበረው ነው። መድረክ ላይ ወጣቱ እግሩን አንስቶ ከጆሮው አገናኘው። እኔም የኔን ወደ ጆሮዬ ላክሁት፤ ወገቤ ሳይደርስ ተመለሰ። ከመርፌው የበለጠ የተጨበጨበው ለእኔ ነው።

ስወጣ ቻይናውያን ጎብኚዎች ፎቶ አብረን እንነሳ እያሉ ከበቡኝ። በር ላይ የቆመው መነኩሴ ብቻውን ቀረ። እናታችን የሚሆኑ አንዲት ሴትዮ በአስጎብኚዋ በኩል አገሬን ጠየቁና ኢትዮጵያ ስል ፊታቸው በራ፤

«ሯጭ ነው?»

ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ «አሁን ዕረፍት ላይ ነኝ» በይልኝ አልኳት።