የዓሣ ዕንቁላል ጥብስ፤ አሠራሩ፣ ፍንዳታውና መካሪዎቹ

የዓሣ ዕንቁላል የሚገኘው የሴቷ ቆሮሶ ሆድ ሲቀደድ ነው። በስስ ሽፋን የተጠቀለሉ ሁለት ቢጫ ከረጢቶች ይወጣሉ። ቆሮሶ ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ይዛ የምትፈለፍል ጠንቃቃ እናት ናት፤ መጥበሻው ግን ይቀድማታል። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ ከአንጀቱ ጋር የተጣለው ዕንቁላል ደግሞ አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ሲሳይ ነው።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር አላለቀም፤ ዕንቁላል ግን እንደማይበላ ስምምነት አለ። የዓሣ ዕንቁላል ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ የሚወስነው በአብዛኛው የወሳኙ ረሃብ ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። ከረጢቱ ሳይቀደድ ይታጠባል፤ ጨውና እርድ በገባበት ውኃ ገንፈል ይደረጋል፤ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በተቀላቀለበት ዱቄት ተለውሶ በመካከለኛ እሳት ይጠበሳል። እሳቱ ከበረታ በርበሬው ያርራል፤ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

ዋናው ጉዳይ ፍንዳታው ነው። እያንዳንዷ ፍሬ ውኃ የቋጠረች ናት። ሐዋሳ ላይ ውኃ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ዘይቱ ግን ከ150 ያልፋል። ፍሬዋ ትፈነዳለች፤ ዘይቱ ይፈናጠራል። በዚህ የተነሣ በወጥ ቤት ያለ ሰው ከመጥበሻው ባለው ርቀት ጠባሽ፣ መካሪና ቀማሽ ተብሎ ይመደባል። ስለ ጠባሿ ክንዷ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ይናገራሉ። ቀማሽ እስከ መጨረሻው አይታይም። ጥናት የሚገባው መካሪው ነው።

መካሪ የበሩን ደፍ አይዘልም፤ «እሳቱን ቀነስ አድርጊው እንጂ!» የሚለውም ከዚያው ሆኖ ነው። በያዘው ክዳን ዓይነት ይለያል። ጀማሪው የሻይ ጀበና ክዳን ይዞ ይመጣል፤ ይህ አንድ ዓይን ብቻ ይከልላል። መካከለኛው የድስት ክዳን ይይዛል፤ መጥበሻውን ሊከድንበት ግን አይደለም። የበቃው መካሪ አክንባሎ ያነሣል። አክንባሎ ከግንባር እስከ ወገብ ይሸፍናል፤ ጉድለቱ ያዡ የሚመክርበትን መጥበሻ ጨርሶ አለማየቱ ነው። ምክሩ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ድምፁ ታፍኖ ስለሚወጣ የሊቅ ግርማ ያገኛል። «አገላብጪው» ይላል፤ ከተገላበጠ ቆይቷል። ጠባሿ ክዳኑን ብትጠይቀው ያልሰማ መስሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

ጥብሱ ሲወጣ ምደባው ይፈርሳል። አክንባሎው ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል፤ ያዡ ከሁሉ ቀድሞ ሰሃኑ ዘንድ ይደርሳል፤ ጠርዙ ከረር ያለውን መርጦ ሎሚ ይጨምቅበታል፤ አላምጦም «ጨው አነሰው» ይላል።